ዕቃው መቼ እንደሚጠየቅም መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም፤ ታዲያ ስንት ላስቀምጥ?

ሞተሪኖ_ቴክሳስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

አሜሪካ ጦር ውስጥ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ መለዋወጫ ነው። በአገርኛ እስቶር ኪፐር በሉኝ። እናቴ ለጎረቤት "ልጄ ወታደር ነው" ስትል ሰዉ መትረየስ ይታየዋል። እኔ በእጄ የምይዘው ባርኮድ ማንበቢያ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ቴክሳስ ካለ አንድ ካምፕ ሆነን ለብዙ ክፍሎች ዕቃ እናቀብላለን። ባለፈው ወር የሃምቪ (የጦሩ መኪና) ሞተሪኖ፣ ያ ሞተር የሚያስነሳው ዕቃ፣ አለቀብኝ። አንድ መኪና ቆመ፣ ሁለት ቆመ። አራተኛው ሲቆም ሻምበሉ ራሱ መጋዘን ድረስ መጣ። መደርደሪያው ላይ ባዶውን ቦታ አየ። የዕቃው ቁጥር የተለጠፈበትን ወረቀት በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። "ሲስተሙ እኮ በቂ አለህ ይል ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይል ነበር።

ቁጥሩን ላስቀምጥላችሁ። (ትክክለኛው አይደለም፣ ቀያይሬዋለሁ። የክፍሌን ገመና ኢንተርኔት ላይ አላሰጣም።) ሞተሪኖ በአማካይ በ2 ሳምንት 1 ይጠየቃል። ሳዝዝ በአማካይ በ4 ሳምንት ይደርሳል። እስኪደርስ 2 ይወጣብኛል ማለት ነው። እኔ የማስቀምጠው 3 ነው። 2 ለሥራው፣ 1 ለክፉ ቀን። አንድ ሲወጣ ወዲያው አንድ አዛለሁ። ስህተቴ የት ላይ ነው?

አለቃዬ "ሁሉንም እጥፍ አድርግ" ይላል። እጥፍ ማድረጊያ በጀት የለም፤ የምናስቀምጠው የዕቃ ዓይነት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ነው። በዚያ ላይ በቅርቡ ትልቅ ልምምድ አለ። መኪናው ሁሉ በረሃ ይወጣል። የዓመቱ መዝገብ ስለዚያ ወር ምንም አይነግረኝም።

የመጋዘን ሰዎች ካላችሁ አንድ በሉኝ። መጽሐፍ አንብብ አትበሉኝ እባካችሁ፣ እሱን ሞክሬዋለሁ።


ሶማሌተራ፦

እኔ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ዕቃ ሲያልቅብኝ ደንበኛውን "ቁጭ በል፣ ከላይኛው ስቶር ላምጣልህ" እልና ከጎረቤት ሱቅ ሮጬ አመጣለሁ። እናንተ ጎረቤት የላችሁም እንዴ? 😄


ሞዴል19፦

ልጄ፣ ሞተሪኖ ስትል ነው የነቃሁት። ስታርተር ብለህ ቢሆን አልፌህ ነበር።

እኔም እንዳንተ የግምጃ ቤት ወታደር ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ነው። የእጅ ጽሕፈቴ ይነበባል ተብሎ አሥመራ አንድ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት መደቡኝ። ዕቃው የኦራልና የዚል ነበር። የኛ ሲስተም ከየመደርደሪያው በሲባጎ የተንጠለጠለ ቢን ካርድ፣ የዕቃ መቁጠሪያ ካርድ፣ ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል ቅጽ፣ ሲወጣ ሞዴል 22። እርሳሱንም በሲባጎ አስረነው ነበር። ካልታሰረ አያድርም።

ወደ ጥያቄህ ልግባ። ስህተትህ 3 ማስቀመጥህ አይደለም። 4 ሳምንት የሚባል ነገር አለ ብለህ ማመንህ ነው።

የኛ ዕቃ ምጽዋ ወደብ ይወርዳል። ከምጽዋ አሥመራ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ ጠመዝማዛ መንገድ። መንገዱ ክፍት ሲሆን ኮንቮዩ ይነሳል፣ ዕቃው ይገባል። መንገዱ ሲዘጋ ኮንቮዩ ይቆማል። ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ወር ሊሆን ይችላል። እኔ ካርዴን ይዤ አማካይ አወጣ ነበር፤ አለቆቻችን አማካይ ይወዳሉ። አማካዩ ባለው ሳምንት ግን አንድም ዕቃ መጥቶ አያውቅም። ወይ ቶሎ ነው፣ ወይ ጨርሶ ነው።

ደግሞ መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው ሞተሪኖ ብቻ አይደለም። ቺንጊያውም፣ ኩሽኔታውም፣ ባትሪውም አብሮ ይቀራል። ግምጃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚራቆተው። ይሄንን አማካይ አያሳይህም።

ሴት ልጄ ሒሳብ ነው ያጠናችው። ትናንት ማታ ጥያቄህን አነበብኩላት፣ ላፕቶፗን ከፈተች። መጀመሪያ 4 ሳምንቱ እውነት ነው እንበል አለች፣ ዝንፍ የማይል። ጠያቂው ብቻ ነው ድንገት የሚመጣው። (ፖይሰን የሚሉት ስሌት አለ፣ እንዳንተ ሞተሪኖ አልፎ አልፎ ለሚጠየቅ ዕቃ ይሆናል።) የአማካዩን ያህል፣ ማለትም 2 ብቻ ብታስቀምጥ፣ ከ100 ጠያቂ ዕቃ ይዞ የሚሄደው 41 ነው። አላመንኳትም፣ ደግሜ አሠራኋት። 41። ባንተ 3 ደግሞ 68 ይሆናል። ከ3 ሰው አንዱ ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው። 5 ስታደርገው 95 ይገባል።

ከዚያ "አባ፣ 4 ሳምንቱ ግን እንደ ምጽዋ መንገድ ከሆነስ?" አለችኝ። አራት ትዕዛዝ ውሰድ። ሦስቱ በ2 ሳምንት መጡ፣ አንዱ በ10 ሳምንት። ደምረህ ለ4 ብታካፍለው አሁንም አማካዩ 4 ሳምንት ነው። ወረቀቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። አሁን መዘግየቱ እንደኛ መንገድ ተያይዞ የሚመጣ ከሆነ እየው። በደጉ ጊዜ ባንተ 3 ሞተሪኖ ከ100 ሰው 92ቱን ታስተናግዳለህ፣ ሻምበሉ ትከሻህን መታ መታ ያደርጋል። በክፉው ጊዜ በዚያው 3 ሞተሪኖ የምታስተናግደው 12 ሰው ነው። አሥራ ሁለት። 5 ብታደርገው እንኳ 44 ነው። በክፉው ጊዜ ከ90 በላይ ለማስተናገድ 9 ያስፈልግሃል።

እዚህ ላይ ነው አለቃህ "እጥፍ" የሚለው፣ እጥፍ ራሱ አይበቃውም። አሁን ደግሞ ሌላውን ተመልከት። ክፉውን 10 ሳምንት በሆነ መላ ወደ 6 ብታወርደው፣ በ6 ሞተሪኖ 92 ሰው ታስተናግዳለህ። 9 የነበረው 6 ሆነ። ሦስት ሞተሪኖ ሳትገዛ አገኘህ። ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘብ አትጠይቅ። መጀመሪያ "እነዚያ የዘገዩት ለምን ዘገዩ?" ብለህ ጠይቅ።

አሁን ስለ ሰው ልንገርህ፤ ይሄ ከስሌቱ ይብሳል።

መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ክፍሎቹ እኛን ማመን ተዉ። ሁለት ሲፈልጉ ስድስት ይጠይቃሉ። እኔ ካርዴ ላይ ስድስት እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት "ፍላጎት ጨምሯል" ብዬ ወደ ላይ አስተላልፋለሁ። ከላይ ያለውም "ኧረ ይሄ ሁሉ!" ብሎ ግማሹን ይቆርጣል። እነሱ ይቆረጣል ብለው በሚቀጥለው አሥራ ሁለት ይጠይቃሉ። በመጨረሻ የኔ ካርድ የሚለካው የመኪናውን ብልሽት ሳይሆን የሰውን ፍርሃት ሆነ።

አንድ ጊዜ አንድ ክፍል ቦታ ሲቀይር ንብረት ልረከብ ሄድኩ። የጋራዡ ኃላፊ ሻይ ጋበዘኝ። የተቀመጥኩበት አልጋ ሲቆረቁረኝ ፍራሹን ገለጥ አደረግኩት። 11 ሞተሪኖ፣ በቅባት ወረቀት እንደተጠቀለለ፣ አንዱም ሳይከፈት። ሰውየውን ቀና ብዬ አየሁት። "ለክፉ ቀን ነው" አለኝ። በዚያው ሳምንት ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ቦቴ በሞተሪኖ ቆሞ ውሃ በበርሜል ይገፉ ነበር። አልተቆጣሁትም። እሱ እኮ ያደረገው እኛ ግምጃ ቤቶቹ ያላደረግንለትን ነው።

የካቲት 1982 (በፈረንጅ 1990) ምጽዋ ተያዘች። ከዚያ ወዲያ አሥመራ የሚገባው ሁሉ በአየር ሆነ። አውሮፕላን ላይ ዱቄትና ጥይት እያለ የኦራል ዕቃ ማን ይጭንልሃል? ያን ጊዜ "ስንት ላስቀምጥ" የሚለው ጥያቄ ራሱ አለቀ። የቀረው "ላለው ማን ይቅደም" የሚለው ነው። እኔና አንድ መቶ አለቃ ቁጭ ብለን በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፍነው። መጀመሪያ አምቡላንስ፣ ቀጥሎ የውሃ ቦቴ፣ ቀጥሎ ጥይት የሚያመላልስ፣ የአለቃ መኪና መጨረሻ። የመጨረሻውን መስመር ለማስፈረም ሦስት ቀን ፈጀ። ያቺን ወረቀት አንተ አሁን ጻፋት፣ ዕቃው ሳያልቅ። ዕቃው ካለቀ በኋላ የምትጻፍ ወረቀት ጠብ ነች።

ለልምምዱ የዓመቱን መዝገብ ተወው። ያለፈውን ልምምድ ብቻ ለይተህ አውጣ። ስንት መኪና ወጣ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ስንት ተቀየረ። ከዚያ በመኪናና በቀን አባዛው። ካምፕ ውስጥ የቆመ መኪና ስለ በረሃ አይመሰክርም።


ዜድ_ቁጥር፦

ጋሼ ሞዴል19፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ ሎጂስቲክስ ላይ ዳታ ነው የምሠራው፣ ሲቪል ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

እርስዎ ያሉት በዝግታ ለሚወጣ ዕቃ ነው። በየቀኑ ለሚወጣው ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ደረቅ ራሽን እንውሰድ፣ ኤምአርኢ የሚሉትን። ካርቶኑ 12 ምግብ ይይዛል። 80 ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ቢበላ 240 ምግብ፣ 20 ካርቶን። ሰው ይመጣል ይሄዳልና የቀኑ ፍላጎት በ6 ካርቶን ገደማ ከፍ ዝቅ ይበል። ማድረሻው በአማካይ 15 ቀን፣ እሱም በ5 ቀን ገደማ ከፍ ዝቅ ይበል።

ማድረሻው ቀኑን ጠብቆ ቢመጣ ኖሮ በ95 ከመቶ ላለማለቅ ከአማካዩ በላይ 38 ካርቶን መጠባበቂያ ይበቃል። የ5 ቀኑ መዛነፍ ሲገባ ስንት ይሆናል? 169።

አሁን ሁለት መሥሪያ ቤት አለን እንበል። አንዱ ትንበያውን አሻሽሎ የፍላጎቱን መዛነፍ ከ6 ወደ 3 አወረደ። መጠባበቂያው ከ169 ወደ 166 ወረደ፣ በቃ። ሌላው ማድረሻውን አስተካክሎ የ5 ቀኑን መዛነፍ ወደ ሁለት ቀን ተኩል አወረደ። መጠባበቂያው 91 ሆነ። ሰው ግን ሁሌ ትንበያ ላይ ነው የሚረባረበው። ትንበያ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ደስ የሚል ግራፍ አለው። ማድረሻን ለማስተካከል ደግሞ ከሹፌር፣ ከወደብና ከኮንትራት ክፍል ጋር መጨቃጨቅ አለ።

"እጥፍ አድርግ" የሚለውን የአሜሪካ ጦር ራሱ በፈረንጅ 1990 እና 91 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ላይ ሞክሮታል። ወደ 40,000 ኮንቴይነር ሳውዲ ገባ። ከግማሽ የሚበልጠውን ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ መክፈት ነበረባቸው። አንዱ ክፍል ያዘዘው መድረስ አለመድረሱን ስለማያውቅ ያንኑ ደግሞ ያዝዛል፣ ሦስተኛም ያዝዛል። የጋሼ ፍራሽ በኮንቴይነር መጠን ማለት ነው። "የብረት ተራራ" ይሉታል። ከዚያ በኋላ በ1995 ጦሩ የማድረሻ ጊዜን በደንብ መለካት ጀመረ። አማካዩን ብቻ አላዩም። ከመቶ 50ው፣ 75ቱ እና 95ቱ በስንት ቀን ደረሰ ብለው ነው ያዩት። ወንድም ሞተሪኖ፣ አንተም እንደዚያ አድርገህ እየው።

የበጀቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ዕቃ ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ድሮ ደንቡ አንድ ዕቃ መደርደሪያ ለመግባት በዓመት 9 ጊዜ መጠየቅ አለበት፣ ለመቆየት 3 ጊዜ ይል ነበር። የሁለት ዶላር ማሸጊያም ሆነ የሺዎች ዶላር ማርሽ ሳጥን እኩል። በኋላ ርካሹ በቀላሉ እንዲገባ፣ ውዱ እንዲከብደው አደረጉት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መኪናው በሁለት ዶላር ማሸጊያም ይቆማል። ስለዚህ ርካሹን ዝርግፍ አድርገህ አስቀምጥ፣ ውዱ ላይ ነው ጭንቅላትህን የምታሠራው።


ክኒን_ቆጣሪዋ፦

እኔ ወታደር አይደለሁም፣ የአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ግምጃ ቤት ነኝ፣ አገር ቤት። ግን ችግራችሁ የኔው ነው።

እኛ ጋ አሠራሩ በወር ነው። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ በየ2 ወሩ ሪፖርት ያደርጋል፣ ይጠይቃል። የሚቀመጠው ጣሪያው የ4 ወር ፍጆታ፣ ወለሉ የ2 ወር፣ የግማሽ ወር ሲቀር የአስቸኳይ ትዕዛዝ። ለሥልጠና ቀላል ነው፣ ማንም ይይዘዋል። ግን ለፓራሲታሞልም ያው ወር፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ለሚፈለግ መርፌም ያው ወር ነው። ስለ መዛነፍ ምንም አይልም።

አንድ ነገር ግን ወንድሜ ሳትረሳው፦ ዕቃ ባለቀብህ ጊዜ መዝገብህ ይዋሻል። ለምሳሌ በ60 ቀን 80 ብልቃጥ አውጥቻለሁ። ካርዱን ሳይ 20 ቀን ባዶ ነበርኩ። ስለዚህ 80ው የወጣው በ40 ቀን ነው። ዕቃው ቢኖር ኖሮ በ60 ቀን 120 ይወጣ ነበር። 80 ብዬ ብልክ ለሚቀጥለው ጊዜ ራሴን አስርባለሁ። አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ተሳስቻለሁ። የወባ ወቅት ላይ። ስለሱ ባልጽፍ ይሻለኛል።

እናንተ ጋ ሰው ዕቃ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ጠይቆ ይጠብቃል ወይስ ሌላ መላ ይፈልጋል?


ሚሉኢም፦

ከአሽዶድ ነኝ፣ እስራኤል። የተጠባባቂ ጦር ውስጥ የመጋዘን ሰው ነኝ። እኛ ጋ የአደጋ ጊዜ መጋዘን አለ፣ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ እየገባን እንቆጥራለን፣ አቧራ እንጠርጋለን። የዓመት ፍላጎቱ ዜሮ ነው። ፖይሰን ብትሉኝ ምን ላድርገው? በጥቅምት 2023 ከ300,000 በላይ ተጠባባቂ ሲጠራ ግን በአንድ ቀን ሁሉም ተፈለገ። እኔ የነበርኩበት ቦታ ከተጠራው ሰው የበለጠ መጣ። ስሙ ዝርዝር ላይ የሌለ ሁሉ ከነቦርሳው ደጅ ቆሟል። ለዝርዝሩ የተዘጋጀ ጥይት መከላከያ ሰደሪያ ለሌለው ሰው ከየት ይመጣል?

አባቶቻችን እዚህ ሳይመጡ በፊት በ1973ቱ ጦርነትም የጥይት ፍጆታው ከታሰበው በላይ ሆኖ ነው አሜሪካ በአውሮፕላን ያመላለሰው። ጦርነቱ የጀመረው ጥቅምት 6 ነው፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ያረፈው ጥቅምት 14፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በአንድ ወር 22,325 ቶን ገባ። ብዙ ነው፣ ግን እነዚያን 8 ቀናት የተዋጉት በአብዛኛው መጋዘን ውስጥ በነበረው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የመጀመሪያው አውሮፕላን እስኪያርፍ ስንት ቀን ነው?


ሞተሪኖ_ቴክሳስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሞዴል19፣ ለልጅዎም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

እህቴ ክኒን ቆጣሪዋ፣ ጥያቄሽ መታኝ። እኛ ጋ ዕቃ ሲጠፋ ከቆመው መኪና ፈትተው ለሌላው ይገጥማሉ። ያ ደግሞ እኔ ጋ አይመዘገብም። ዛሬ ጋራዥ ሄጄ ጠየቅኩ። አንዷ ሃምቪ ሞተሪኖዋም፣ ዲናሞዋም፣ ባትሪዋም ተወስዷል። ልጆቹ "ሱፐርማርኬት" ይሏታል። ስለዚህ በ2 ሳምንት 1 የምለው ራሱ ያነሰ ነው።

ከዚያ ያለፉትን 24 ትዕዛዞች አንድ በአንድ አወጣሁ። ጋሼ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነው የመሰለኝ። 18ቱ ከ9 እስከ 16 ቀን ባለው ውስጥ ደርሰዋል። 6ቱ ከ60 ቀን በላይ ፈጅተዋል። መሐል ላይ ማንም የለም። 28 ቀን ገደማ የመጣ አንድም የለም።

6ቱን ደግሞ ተከታተልኳቸው። መንገድ ላይ አይደለም የቀሩት። እኛ ካዘዝን በኋላ ሲስተሙ በሁለት ፊደል መልስ ይሰጣል። "ቢኤ" ካለ ዕቃው አለ፣ ሊወጣ ነው። "ቢቢ" ካለ ከላይም የለም፣ እስኪገባ ወረፋ ያዝ ማለት ነው። 6ቱም ቢቢ ነበሩ። መልሱ የመጣልኝ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ግን በየሳምንቱ ሪፖርቱን አትሜ ፋይል አደርገዋለሁ እንጂ ያንን ዓምድ አይቼው አላውቅም።


ሞዴል19፦

በል እንግዲህ። አንተ በሁለተኛው ቀን ይነገርሃል። እኔ ኮንቮይ መቅረቱን የማውቀው ሳይመጣ ሲቀር ነበር።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። በደጉ ጊዜ 5 ይዤ እቀመጣለሁ፤ ያቺ "ሱፐርማርኬት" የደበቀችው ፍላጎት ከተቆጠረ ደግሞ 6። ቢቢ ባየሁ ቀን ግን ያው ቀን ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ለሻምበሉ እነግራለሁ፣ መደርደሪያው ገና ሙሉ ሳለ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሞተሪኖ ከወረቀቷ ውጪ ለማንም አልሰጥም። ሦስተኛ ደግሞ ሶማሌተራ በቀልድ የነገረህን አደርጋለሁ፣ ጎረቤት ካምፕ ደውዬ "ስንት አላችሁ?" እላለሁ። እዚህ ውስጥ ከሁላችንም ቀድሞ የመለሰልህ እሱ ነው።


ሶማሌተራ፦

እኔ እኮ ቀልዴን ነው ያልኩት 😂 ኮሚሽን አለው ወይ?


ዜድ_ቁጥር፦

ጎረቤት ስትደውል አንድ ነገር አስተውል። ቢቢ የሆነው ከላይ ስለሌለ ከሆነ ጎረቤትህም ያንኑ ዕቃ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የደወለ ነው የሚያገኘው። ሰኞን አትጠብቅ።


ሞተሪኖ_ቴክሳስ፦

ዛሬ ዓርብ ነበር፣ ደወልኩ። 2 ሊያውሱኝ ተስማምተዋል። በምላሹ የጄኔሬተር ፊልትሮ ይፈልጋሉ፣ እሱ ተርፎኛል።

ሌላም ነገር አለ። ለልምምዱ ስንዘጋጅ የአንዱን ክፍል ኮንቴይነር አብረን ከፈትን። ከድንኳኑ ሥር 3 ሞተሪኖ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሳርጀንቱን አየሁት። ምን እንዳለኝ ጋሼ ያውቁታል።


ሞዴል19፦

አውቃለሁ። በምን ነበር የጠቀለለው? በቅባት ወረቀት?


ሞተሪኖ_ቴክሳስ፦

በቲሸርት።